ሰጪው ያልተሰማበት ግጥም

ደብረ ታቦር ጠጅ ቤት ገብቶ ፈንታነሽን «ተቀበይ!» የሚላት ሰው ለአገሩ እንግዳ መሆን አለበት። የሚያውቋት ጎንተል አድርገው ሊያስቆሙት ይሞክራሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሰውዬው ግጥሙን ለቆ ጨርሷል። ያኔ ከበሮዋን ከጭኗ ታወርዳለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ባሏ ዘውዱ ማሲንቆውን ብቻውን እየገዘገዘ እንግዳውን በዜማ ያባብለዋል። ግጥም የማይቀበል አዝማሪ ውሃ የማይዝ እንስራ ነው። «ሬድዮ ላይ ስለዘፈነች ኮርታ ነው» የሚሉ አሉ። ሐሜት እንዲህ ነው፤ ከእውነቱ ደጃፍ ይደርስና ሳይገባ ይመለሳል።

የአዝማሪ ልማድ አስቸጋሪ አይደለም። ሰጪው ከተቀመጠበት ሆኖ «ተቀበል» ይልና ግጥሙን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ስድብም ቢሆን ይቀበላል፣ ውዳሴም ቢሆን ይቀበላል። ቃሉ የሰጪው ነው፤ የአዝማሪው ጉሮሮው ብቻ ነው። ባል ሚስቱን በነገር ቢነካ፣ ጎረቤት በድንበር የተጣላውን ቢያስሰድብ፣ አዝማሪውን ሊመታ የሚነሳ የለም፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ሁሉም ሰምቷል። ፈንታነሽ በዚህ ልማድ ተወለደች፣ በዚህ ልማድ ተዳረች፣ አንድ ልጇን ይርጋንም በዚህ ልማድ አሳደገች። ይርጋ ጡት ሳይጥል ጀምሮ ከከበሮዋ ሥር ጋቢ ተነጥፎለት እየተኛ ያደገ ነው። አፉን የፈታው በሰው ግጥም ነው ብትል ብዙም አላጋነነችም።

ገበሬው አዝማሪን ለሠርጉ ይፈልገዋል እንጂ ልጁን አይድርለትም። ደርግን ለማማት ምክንያት ሞልቷል፣ ግን ፍርድ ላለማጓደል፣ መሬት ሲደለደል ለዘውዱም ከጋፋት በታች ለገብስ የምትሆን ቁራሽ ደርሳዋለች። ከዘር ማንዘሩ መሬት የደረሰው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዘውዱ እርሻ አያውቅም ነበር፤ እርፍ ሲይዝ ማሲንቆ የያዘ ይመስላል እያሉ ጎረቤቶቹ ይስቁበት ነበር። ይርጋ ግን ተማረው፤ ትልሙም ቀና። በ1977 ወይፈን ሊገዛ እብናት ገበያ ወርዶ ሳለ ገበያው ተከበበ፤ ከሌሎች ጎረምሶች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። መሬቱን የሰጠው መንግሥት የሚያርሰውን ልጅ ወሰደ። ፈንታነሽ ይህን በየደረሰችበት ትናገረው ነበር፤ ዘውዱ ነው እየሮጠ አፏን የሚይዛት።

ሁለት ዓመት ወሬው ጠፋ። ከዚያ አንድ ቆስሎ የተመለሰ የጋፋት ሰው መጥቶ ናቅፋ በኩል ከአንድ ተራራ ላይ እንዳየው ነገራቸው። ይርጋ ደህና ነው፣ ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። ምሽግ ውስጥም ልማዱን አልተወም፤ ወታደሮቹ ግጥም ይሰጡታል፣ እሱ የጥይት ሣጥን እየመታ ይቀበላል። ዘውዱ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ፈንታነሽ አላለቀሰችም፤ ሰውዬው በጨዋታ መሐል የጠቀሰውን አንድ ነገር ይዛ ቀረች። ምሽጉ ውስጥ ትራንዚስተር ሬድዮ አለ፣ ቀን ቀን ዘፈን ሲመጣ ሁሉም ይሰበሰባል ብሏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ድምፄን ይስማ፣ ደጄ ክፍት መሆኑን ይወቅ፣ የቀረውን እሱና እግዚአብሔር ያውቃሉ አለች። ልጁ ከሰማት በሆነ ዘዴ እንደሚመጣ ታምን ነበር። የሚከዳውን ወታደር ምን እንደሚያደርጉት አጥታው አይደለም፤ እዚያ ከመክረም ይሻላል ብላ ነው።

ለዚህ ነው ወደ ኑሩ ሱቅ የሄዱት። ኑሩ ጨርቃ ጨርቅና ካሴት የሚሸጥ፣ ቴፕ የሚያቀዳ የከተማው ነጋዴ ነው። እሱም የራሱ ሐሳብ ነበረው። የአውራጃው ኪነት ቡድን ዘውዱን ዩኒፎርም እንስጥህ ብሎ ለምኖት፣ በወረቀት ላይ ተጽፎ የመጣ ዘፈን አልዘፍንም ብሎ እምቢ ማለቱን ያውቃል። «የናንተን ለብቻው ካሴት እናውጣው፤ ሬድዮ አንዴ ካሰማው ተባሕር ዳር እስከ ጋይንት ይሸጣል» አላቸው። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቁን ዘጋ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ ቴፑን በጨርቅ ጥቅል ላይ አስቀመጠና ቀዳቸው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንዲት አህያ ከውጭ አናፋች። ድጋሚ እንዳይቀዱት ፈንታነሽ ድምፏ ተዘግቶ ነበርና አህያዋ እዚያው ቀረች፤ በኋላ የገዙት ሰዎች ከሁሉም የወደዱት እሷን ነበር።

የካሴቱ የመጨረሻ ዘፈን «ይርጋዬ» ይባላል። ፈንታነሽ ራሷ ያወጣችው ነው፤ ልቡ እንዲህ ይላል፦

ደጁን አልዘጋሁም መሽቶበት ነው ብዬ፣
በሄድህበት መንገድ ና ልጄ ይርጋዬ።

ኑሩ ካሴቱን አዲስ አበባ ለሬድዮ ሰዎች በሚያውቀው ሾፌር እጅ ላከ። መልስ አልመጣም። ደግሞ ላከ። ያ ሾፌር በሰጣቸው ጊዜ ከሌላ ካሴት ክምር ላይ እንደጣሉት ነግሮት ነበር፤ ኑሩ ይህን ለፈንታነሽ ሳይነግራት ቀረ።

በ1980 ጥር ላይ ግን ሬድዮው ራሱ መጣ። ለየካቲት በዓል ከየአውራጃው ዘፈን የሚቀዱ ሰዎች በላንድሮቨር ደብረ ታቦር ገቡ ተባለ። የሚቀዳውን የሚመርጠው የአውራጃው የባህልና የኪነት ኃላፊ ጓድ አያሌው ነበር። አያሌው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ግጥም ይወዳል፣ ራሱም ይገጥማል፣ የሚሰማው ሰው ማጣቱ ያበሳጨዋል። ካሴቱን ከኑሩ ሱቅ አስመጥቶ አዳመጠና ባልና ሚስቱን አስጠራ። ድምፅሽ ውድ ነው አላት። ይርጋ የሚለው ስም ይቆይ አላት። «ና» የሚለው ግን በጦርነት ጊዜ ለወታደር የሚባል አይደለም፤ ማን እንደሚጠየቅበትም ታውቂዋለሽ ብሎ ራሱ የገጠመውን አነበበላት፦

ጠላት ሳይደመሰስ አብዮቱ ሳያብብ፣
ደጄን አትርገጠው ቤቴንም አታስብ።

ዘውዱ ማሲንቆውን አንስቶ ሊወጣ ነበር። ፈንታነሽ ክንዱን ያዘችው። «ጓድ፣ እኔ የወረቀት ግጥም አላውቅበትም» አለች። «ተሰጪ አፍ ካልሰማሁ አይወጣልኝም። አንቱ ቆመው ይስጡኝ፤ እኔ እቀበላለሁ።»

አያሌው ፊቱ በራ። እኔ ራሴ፣ በሬድዮው ላይ ብሎ ጠየቀ። እሷም እንዴታ አለችው።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዘውዱ እየተንተባተበ ልጁ ምን ይላል፣ እናቴ አትምጣ አለችኝ አይልም ወይ አላት።

«የተሰጠኝ መሆኑን ይሰማል» አለች። «የሰውዬው ድምፅ ይቀድማል፣ የእኔ ይከተላል። የማን ልጅ ነው? ቃሉን ለሰጪው ይተወውና እኔን ይሰማኛል። በሕይወት አለች፣ ስሜን ጠራች ይላል። ይኸ ይበቃኛል።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ዘውዱም ነገሩ ሳይጥመው ተስማማ። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ልማዱ ከሆነ የሚያከራክር ነገርም አልነበረም። ይርጋን ያክል የጠጅ ቤት ልጅ ሰጪና ተቀባይ ይምታታበታል ብሎ ማን ያስባል?

የቀረጻው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ከሬድዮ ሰዎቹ አንዱ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፋ ወጣት፣ ሁለት መንኮራኩር የሚሽከረከርበት መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ሁሉን ያዝዝ ነበር። ዘውዱን ማሲንቆው ይጮሃል ብሎ ወደ ኋላ አስቀመጠው። ከከበሮዋ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አስደረገ። እልልታ አይፈቀድም፣ ጭብጨባ አይፈቀድም፣ የሚያስለው ውጭ ወጥቶ ይሳል አለ። ፈንታነሽ ዕድሜዋን በሙሉ ጫጫታ ውስጥ የዘፈነች ሴት፣ ያንን ሁሉ ዝም ያለ ሰው ስታይ እስር ቤት የገባች መሰላት። ቢሆንም ዘፈነች። «ይርጋዬ» ብላ ስትጣራ ከሕዝቡ መካከል የአንድ ሰው ልቅሶ አመለጠ፤ ወጣቱ ተቆጥቶ እንደገና አስጀመራቸው።

አያሌው ተራው ሲደርስ ኮቱን ቆልፎ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ተቀበይ!» ብሎ ግጥሙን ሰጠ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደስታ ነው። ፈንታነሽ ተቀበለች። «ደጄን አትርገጠው» የሚለው ላይ ስትደርስ ቃሉን በዜማው ጎትታ አሳለፈችው። ሲያበቃ ወጣቱ መሣሪያውን ወደ ኋላ አዙሮ አሰማቸው። የአያሌው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፣ የእሷ ተከተለ። ይህን በጆሮዋ ሰምታ ነው ከአዳራሹ የወጣችው። የዚያን ዕለት ሳቀች። ዘውዱ ሚስቱ ስትስቅ ካየ ብዙ ቆይቶ ነበርና እሱም ፍርሃቱን ረሳው።

ዘፈኑ በየካቲት መጨረሻ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ተላለፈ። የኑሩ ሱቅ ደጃፍ ሰው መቆሚያ አልነበረውም። ፈንታነሽን ከባንኮኒው ኋላ ወንበር ሰጥተው አስቀመጧት። የሬድዮው ሰው አንዲት ጀግና እናት ለዘማች ልጇ ያስተላለፈችው መልእክት ነው ብሎ አስተዋወቀ። ማሲንቆው ገባ። የራሷ ድምፅ መጣ። «ይርጋዬ» አለች። ቀጥሎ አያሌው ሊመጣ ነው ብላ ስትጠብቅ፣ ግጥሙ በራሷ አንደበት መጣ፣ ሰጪ የለው፣ «ተቀበይ» የለው። በኋላ ይመጣ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ዘፈኑ አለቀና ስለ ማዳበሪያ መነገር ተጀመረ። ሰው አጨበጨበ።

«ሰውዬውስ?» አለች።

ኑሩ ራሱን ነቀነቀ። «ቆርጠውታል፣ እታለም። የሚያወራ ድምፅ ዘፈን መሐል አይወዱም። በምላጭ ቆርጠው ይቀጥሉታል፤ አያስታውቅም።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ እንደማይታሽ ፈንታነሽ ታውቃለች። አንዴ የወጣ ድምፅ ግን ከሌላው ድምፅ ተነጥሎ በምላጭ እንደሚቆረጥ የነገራት ሰው አልነበረም። እሷ በኖረችበት ዓለም ሰጪና ተቀባይ አይለያዩም። አንዱ ከሌለ ሌላው አይኖርም።

ከዚያው ወደ አያሌው ቢሮ ሄደች። እሱም ተቆጥቶ አገኘችው፤ ጋይንት ላሉ ዘመዶቹ ሁሉ ስሙኝ ብሎ ልኮ ነበር። ድምፁ መቆረጡ እሱን እንዳሳፈረው እንጂ እሷን እንደሚገድላት አልገባውም። አስረድታ ነገረችው። ጭንቅላቱን እያከከ፣ ከተማው በሙሉ ኮርቶብሻል፣ ልጅሽም ይኮራል አላት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ዘፈኑ እየተደጋገመ ተላለፈ፤ ከአድማጭ ጥያቄ በዝቶ ነው አሉ። የኑሩ ካሴት ከመደርደሪያ ላይ አለቀ። ገዢዎቹ ቤታቸው ወስደው ሲያዳምጡት «ና ልጄ» የሚለውን ያገኙና፣ የሬድዮው ይሻላል፣ ያኛውን ቅዳልን እያሉ ይመለሱ ነበር። ኑሩ በዚያ ሽያጭ አልተደሰተበትም። ካሴቱን ገልብጦ ወደ አስመራ ለሚሄድ ሾፌር የይርጋን ስምና የጦር ክፍሉን ነግሮ ሰጠ፣ በአላህ አስምሎ። ሾፌሩ ካሴቱን ማድረሱ አልተሰማም፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ሙላቴ የሚባል ልጅ በክራንች እየተደገፈ ኑሩ ሱቅ መጣ። እብናት ገበያ ከይርጋ ጋር በአንድ መኪና የተጫነ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። የፈንታነሽን ቤት ጠየቀ። ኑሩ ለምን እንደሚፈልጋት ሳይጠይቀው ገባውና ሱቁን ዘግቶ አብሮት ሄደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እነሱ ቤቷ ሲደርሱ መንገድ ላይ ያያቸው ሰው ሁሉ አውቋል፣ እሷ ገብስ እየሰለቀች ነበር።

የይርጋን ሞት አጭር አድርጎ ነገራቸው። በመጋቢት ውጊያ፣ ጠዋት፣ ሙላቴ ከጎኑ ሆኖ እያየው። ለመቅበር ጊዜ አልነበረም። ዘውዱ መሬት ላይ ወደቀ። ፈንታነሽ ግን እንደቆመች፣ ዘፈኑን ሰምቶት ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ሙላቴ ኑሩን አየ፣ ኑሩ መሬቱን አየ። መዋሸት ይችል ነበር። ልጁ ግን እናት ስትጠይቅ መዋሸት አልለመደም።

«ልንወጣ ተቃጥረን ነበር፣ እናቴ» አለ። «ስንቅ ቋጥረን፣ መንገድ የሚያሳየን ሰው አግኝተን። በዚያው ሰሞን ቀን ላይ ሬድዮው እርስዎን አመጣ። ድምፅዎን ገና ሲሰማ አወቀ፤ ሳቀ፣ ጓደኞቹን ጠራ። ግጥሙ ሲመጣ ግን እጁን አንስቶ ዝም አሰኘን። ‹ቆዩ እስቲ፣ ሰጪው ማነው?› አለ። እስቲያልቅ ጠበቀ። ደግሞ ሌላ ቀን ሲያመጡት ጠበቀ። ሰጪ ጠፋ። ‹የራሷ ነው› አለ። ስንቁን ፈታና አካፈለን። እኔም ብቻዬን አልሄድም ብዬ ቀረሁ።»

«ተቀየመኝ?»

«ኧረ የለም። ‹እናቴ እንዲህ ካለች የምታውቀው ነገር አለ› ነው ያለ።»

የተቀየመ ቢሆን ይሻላት ነበር። ፈንታነሽ የዚያን ጊዜ ነው የተቀመጠች።

ከመንግሥት መርዶ ሳይመጣ ለቅሶ መቀመጥ የተከለከለ ነበር፤ በማግስቱ ግን ደጇ ላይ ዳስ ተጣለ። ሰው መጣ። ከሠርግ ማዕድ አዝማሪን ለብቻ የሚያስቀምጡት ገበሬዎችም መጡ፣ ኑሩም ከእስላም ጎረቤቶቹ ጋር መጥቶ ተቀመጠ። አያሌው ለቅሶውን እንዲያስበትን ተልኮ መጣ አሉ፤ ዳሱ አፍ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

በዚህ አገር ለቅሶም እንደ ዘፈን ነው፤ አልቃሿ ግጥሙን ትሰጣለች፣ እናት ትቀበላለች። ፈንታነሽ ራሷ ለስንቷ እናት ቃል ስትሰጥ የኖረች ናት። የዚያን ዕለት ሰጪዋ የሺ የምትባል ስመ ጥር አልቃሽ ነበረች። ተነስታ ስለ ጀግንነቱ አንድ ግጥም ጀመረች። ፈንታነሽ እጇን አንስታ አስቆመቻት።

«ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ዳሱ አፍ አዞረች። አያሌው አንገቱን ደፋ። «ይኸ የራሴ ነው። የሰጠኝ የለም።»

ደጁን አልዘጋሁም መሽቶበት ነው ብዬ፣
በሄድህበት መንገድ ና ልጄ ይርጋዬ።

ደጋግማ አለችው፣ ድምፏ እስቲጠፋ ድረስ። ዘውዱ ማሲንቆውን አላነሳም፣ አብሯት የተቀበለም አልነበረም። ይህኛውን የቀዳ ቴፕ የለም።